ከወንጌል ኅዳግ እስከ ክላውድ

በ1872 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወደ ለንደን ደብዳቤ ላኩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አክሱም ላይ ዘውድ ከጫኑ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ መጽሐፍ ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር ከተወሰዱት ብራናዎች መካከል የሆነ አንድ ክብረ ነገሥት። የአገሪቱ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአድባራቱና የአውራጃዎቹ ስም እዚያ ውስጥ እንደሚገኝ፣ ያለ እሱም የአገራቸው ሰው እንደማይታዘዝላቸው ነው የጻፉት። የብሪቲሽ ሙዚየም መጽሐፉን መለሰ። ከመቅደላ ተጭነው ሙዚየሙ የገቡት ሌሎች 350 ያህል ብራናዎች ግን ዛሬም ለንደን ናቸው።

ዘውድ የጫነና ጦር ያለው ንጉሥ የሚገዛበትን መዝገብ ከባዕድ መደርደሪያ ጠይቆ ማስመለስ ነበረበት፤ መዝገቡ በእጁ አልነበረምና። ዛሬ የድርጅቱን ሂሳብ፣ የደንበኞቹን ዝርዝር፣ የልጆቹን ፎቶና የቤቱን ካርታ ክላውድ ላይ አስቀምጦ የተኛ ነጋዴ ከዚህ ታሪክ ጋር ምን አገናኘኝ ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ያለፉት ሃያ ዓመታት የክላውድ አደጋዎች ሲመረመሩ ጥያቄው ያው የ1872ቱ ሆኖ ይገኛል፦ ሌላ ቅጂ አለ ወይ? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

ሰነድን ከቤት አውጥቶ ለታመነ ጠባቂ መስጠት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በተለይ በጎንደር ዘመን ርስት የገዛ፣ የሸጠ፣ ያወረሰ ወይም ጉልት የተቀበለ ሰው ውሉን ከደብሩ መጻሕፍት በአንዱ፣ ብዙ ጊዜም በወንጌሉ፣ ኅዳግ ወይም ባዶ ገጽ ላይ ያጽፍ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ ስለ ኢትዮጵያ የመሬት ሥሪት የጻፈው ትልቅ ጥናት የተመሠረተው በአብዛኛው በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ነው። አሠራሩ ብልሃት ነበረው። የሣር ክዳን ቤት ይቃጠላል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ግን ጠባቂ አለው። ብራና በቢላ ይፋቃል፤ ስለዚህ ከውሉ ግርጌ የምስክሮች ስም ይደረደራል። ውሉን ለሚያፈርስ ደግሞ ውግዘቱ እዚያው ተጽፏል። ምስጢርነት የፈለገ አልነበረም፤ እንዲያውም አገር ምድሩ እንዲያውቀው ነው የሚጻፈው። የጎደለው ሁለተኛ ቅጂ ነው። መጽሐፉ ከተቃጠለ ወይም እንደ መቅደላው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ከሄደ፣ ርስቱም ምስክሩም ውግዘቱም አብረው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ቅጂ የመጣው በ1973 ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የመቅረጽ ሥራ ተጀመረ። የሥራው አጋር በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ነበር። ይህ ቤተ መጻሕፍት ራሱ በ1965 የተቋቋመው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞንቴ ካሲኖን የመሰለ ገዳም በቦምብ ሲፈርስ ያዩ መነኮሳት ቀጣዩ ጦርነት የአውሮፓን ብራናዎች እንዳይጨርስ ስለ ሠጉ ነው። በኢትዮጵያ ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተቀረጹ። ዋናው መጽሐፍ በየደብሩና በየገዳሙ ይቆያል፤ አንዱ ፊልም አዲስ አበባ ይቀመጣል፤ ሌላው ውቅያኖስ ተሻግሮ ኮሌጅቪል ይገባል። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮቱ መጣ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በጥይት ተመተው ሽባ ከሆኑ በኋላ ከአገር ወጥተው ኮሌጅቪል ገቡ፤ እነዚያን ፊልሞች እያነበቡ በካታሎግ ሲመዘግቡም አሥርተ ዓመታት አሳለፉ። በ1988 የማክአርተርን ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሙያቸው ነው። ለዚህ ጽሑፍ ግን የምፈልገው የአቀማመጡን ዘዴ ነው፦ ሦስት ቦታ፣ ሦስት የተለያዩ ጠባቂዎች፣ አንዱም ሩቅ። የዛሬ የኮምፒውተር ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ምክር የለውም። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚባለው ሕግ ያንኑ ነው የሚለው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ ቢያንስ አንዱ በሌላ ቦታ።

ክላውድን የፀነሰው ሐሳብም ከዚሁ ማይክሮፊልም ይቀድማል። በ1961 የኤምአይቲ መቶኛ ዓመት ሲከበር ጆን ማካርቲ የኮምፒውተር አገልግሎት አንድ ቀን እንደ ስልክ መሥመር ለሕዝብ ሊከፋፈል ይችላል ብሎ ተናገረ። በዚያው ዓመትና በዚያው ተቋም በፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመራው ቡድን ብዙ ሰዎች አንድ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚጋሩበትን ሥርዓት ለዕይታ አቀረበ። ብዙ ሰው አንድ ማሽን ላይ ሲያስቀምጥ የአንዱ ፋይል ከሌላው እንዲለይ የይለፍ ቃል ተበጀለት። በዓመቱ፣ በ1962፣ አላን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተፈቀደለት የማሽን ሰዓት አልበቃ ስላለው፣ የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል የተጻፈበትን ፋይል አትምልኝ ብሎ በቀዳዳ ካርድ ትእዛዝ ሰጠ። ማሽኑም አተመለት። ስለዚህ የጋራ ኮምፒውተርና የቁልፍ ስርቆት እኩዮች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ እስከ 2006 ያለውን በፍጥነት እንለፈው። በመጋቢት 2006 አማዞን ኤስ 3 የተባለውን ማከማቻ ከፈተ፤ ዋጋው ለአንድ ጊጋባይት በወር 15 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። የራሱን ሰርቨር ለመግዛት አቅም የሌለው ትንሽ ድርጅት ትልቁ ባንክ የሚጠቀምበትን ዓይነት ማከማቻ በሳንቲም ተከራየ። ድሩ ሂውስተን ከቦስተን ወደ ኒው ዮርክ በአውቶቡስ ሲጓዝ ፍላሹን ቤት ረስቶ በመቆጨቱ ድሮፕቦክስን እንደ ጀመረ ይተርካል፤ ኩባንያው በ2007 ተቋቋመ። አይክላውድ በ2011፣ ጉግል ድራይቭ በ2012 ተከተሉ። ስልኩ የጠፋበት ሰው አዲስ ስልክ ገዝቶ ፎቶዎቹን በአንድ ሌሊት መልሶ ማግኘት ጀመረ። ይህን ጥቅም የሚያናንቅ ጸሐፊ የሃርድ ዲስክ መበላሸት ደርሶበት የማያውቅ መሆን አለበት።

አደጋዎቹም አብረው መጡ። በሰኔ 2014 ኮድ ስፔስስ የተባለ፣ የሶፍትዌር ሠሪዎችን ኮድ በአደራ የሚያስቀምጥ ድርጅት ላይ አንድ ወንበዴ መጣ። አማዞንን አልሰበረም፤ የድርጅቱን የአማዞን መቆጣጠሪያ ገጽ ቁልፍ ብቻ ያዘ። ገንዘብ ጠየቀ። ድርጅቱ የይለፍ ቃሎችን ለመቀየር ሲሞክር ወንበዴው አስቀድሞ ያዘጋጃቸውን ሌሎች መግቢያዎች ተጠቅሞ ማጥፋት ጀመረ፤ ዋናውንም መጠባበቂያውንም። ድርጅቱ መጠባበቂያ አልነበረውም እንዳይባል ነበረው። የተቀመጠው ግን በዚያው መቆጣጠሪያ ሥር፣ በዚያው ቁልፍ በሚከፈት ክፍል ነበር። ከ12 ሰዓት ያህል በኋላ ለደንበኞቹ የሚመልሰው ነገር ስላልነበረው በሩን ዘጋ።

በመጋቢት 10 ቀን 2021፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ ባለ አምስት ፎቅ የመረጃ ማዕከል በእሳት ወደመ። ሰው አልተጎዳም፤ በመላው አውሮፓ ግን እጅግ ብዙ ድረ ገጾች ጠፉ። ክላውድ ሲባል ፋይሉ የሚያርፈው በሽቦ፣ በባትሪና በማቀዝቀዣ በተሞላ ሕንጻ ውስጥ መሆኑን ብዙ ሰው ያስተዋለው ያን ሌሊት ነው። የሚያሳዝነው ግን ከእሳቱ በኋላ የታወቀው ነው። መጠባበቂያ እንዲያዝላቸው የከፈሉ ደንበኞች ነበሩ፤ ከእነሱ የአንዱ መጠባበቂያ የተቀመጠው ከዋናው ጋር እዚያው ሕንጻ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2023 የንግድ ፍርድ ቤት ኩባንያው ካሳ እንዲከፍል ፈረደ። ካሳ ግን ፋይል አይመልስም።

ከሁሉ የሚያስተምረው የአውስትራሊያው ነው። ዩኒሱፐር ከ600,000 በላይ አባላት ያሉት የጡረታ ፈንድ ነው። መረጃውን በጉግል ክላውድ በሁለት የተለያዩ አካባቢዎች አስቀምጧል፤ አንዱ ቢወድም ሌላው እንዲተካ። በግንቦት 2024 ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጠፉ። ጉግል በኋላ እንዳስረዳው፣ አገልግሎቱ መጀመሪያ ሲዘጋጅ የጉግል ሠራተኛ አንድ መሙያ ቦታ ባዶ ትቶት ነበር። ሥርዓቱ ባዶውን «የአንድ ዓመት ውል» ብሎ ተረጎመው። ዓመቱ ሲሞላ ማንም ሳይነካው፣ ማስጠንቀቂያም ሳይላክ፣ ራሱ አጠፋው። ሁለት ቦታ መቀመጡ አልረዳም፤ ሁለቱም በአንድ ውል ሥር ነበሩና። አባላቱ ለቀናት ሂሳባቸውን ማየት አልቻሉም። ፈንዱ የተረፈው በሌላ አቅራቢ ዘንድ ያስቀመጠውን ጨምሮ ሌሎች ቅጂዎች ስለነበሩት ነው። ያንን ተጨማሪ ወጪ በበጀት ስብሰባ ላይ ተሟግቶ ያስጸደቀውን ሰው ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

የደቡብ ኮሪያ መንግሥት እንዲህ ያለ ሰው አልነበረውም። በመስከረም 26 ቀን 2025 ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል የሊትየም ባትሪ ተቀጣጥሎ፣ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጂ ድራይቭ 858 ቴራባይት መረጃ ይዞ ነደደ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም፤ የተሰጠው ምክንያት መጠኑ እጅግ ትልቅ ስለሆነ መገልበጥ አስቸጋሪ ነው የሚል ነበር። በዓለም ካሉት ፈጣን የኢንተርኔት አገሮች አንዷ ሠራተኞቿን ለዓመታት ፋይላችሁን እዚያ አስቀምጡ ብላ ስታበረታታ ከቆየች በኋላ ማለት ነው።

አቅራቢዎቹ በውላቸው ላይ ኃላፊነትን በሁለት ይከፍሉታል፦ ሕንጻው፣ ማሽኑና መሥመሩ የኛ፤ መግቢያው፣ ፈቃዱና የምታስቀምጡት ነገር የእናንተ። በ2019 ካፒታል ዋን ከተባለው የአሜሪካ ባንክ የ100 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያንና የ6 ሚሊዮን ያህል ካናዳውያን መረጃ ሲወጣ፣ ቀዳዳው ባንኩ ራሱ በአግባቡ ያላዋቀረው መከላከያ ነበር። ቅጣቱንም፣ 80 ሚሊዮን ዶላር፣ ባንኩ ነው የከፈለው። በ2012 ከድሮፕቦክስ የ68 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ኢሜይልና የተመሰጠረ የይለፍ ቃል የወጣው አንድ የኩባንያው ሠራተኛ ሌላ ቦታ የሚጠቀምበትን የይለፍ ቃል ለሥራውም ስለ ተጠቀመ ነው። በ2014 የታዋቂ ሰዎች የግል ፎቶዎች ከአይክላውድ ሲሰረቁም፣ ሌቦቹ ከአፕል ወይም ከጉግል የመጣ የሚመስል ኢሜይል ልከው የይለፍ ቃሉን ከባለቤቶቹ ከራሳቸው ተቀብለዋል።

ምስጠራስ አያድንም ወይ የሚል አይጠፋም። ያድናል፤ ቁልፉ የማን መሆኑ ከታወቀ። በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው ሰነዶች የአሜሪካ የስለላ ድርጅት የጉግልን የመረጃ ማዕከሎች የሚያገናኙትን መሥመሮች ይጠልፍ እንደነበር አሳዩ፤ ኩባንያዎቹም መሥመሮቻቸውን ለመመስጠር ተጣደፉ። አፕል በ2022 መጨረሻ የአይክላውድ ፋይሎችን ቁልፍ ለተጠቃሚው ብቻ የሚሰጥ አማራጭ አቀረበ። በየካቲት 2025 ግን ከእንግሊዝ መንግሥት በመጣበት ግፊት አማራጩን በዚያች አገር ለአዲስ ተጠቃሚዎች ዘጋ። ቁልፉን ራስ መያዝ ሌላም ዋጋ አለው፦ ከጠፋ ኩባንያው ራሱ ሊከፍተው አይችልም። የሕክምና ምስጢር ወይም የጋዜጠኛ ማስታወሻ የያዘ ሰው ይህን ዋጋ ቢከፍል ተገቢ ነው። የሰርግ ፎቶ ላስቀመጠ ግን ከሰላይ ይልቅ የሚያሰጋው መርሳት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንምጣ። ኢትዮጵያዊው በብዛት የሚጠቀምበት ክላውድ የቱ ነው ብትሉኝ ቴሌግራም እላለሁ። መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የመኪናውን ሊብሬ ፎቶ አንስቶ ለራሱ መልእክት አድርጎ ይልካል፤ ሲፈልገው እዚያው ያገኘዋል። ምቹ ነው። ነገር ግን የቴሌግራም ተራ መልእክት የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ፣ ኩባንያው ራሱ በያዘው ቁልፍ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የሚመሰጠረው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ብቻ ነው። አካውንቱ የታሰረው በስልክ ቁጥር ላይ ነው። ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ ካልገባበትም ራሱን ያጠፋል። «በስህተት ኮድ ወዳንተ ተልኮብኛል፣ ላክልኝ» የሚል መልእክት ከሚያውቁት ሰው ስም የደረሳቸው ስንት ናቸው! ያንን ኮድ የላከ ሰው፣ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ካላበጀ፣ ከነመታወቂያው ከነሊብሬው ራሱን አስረክቧል።

ሁለተኛው ችግር የሚጀምረው ከስልክ መሸጫው ነው። አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ሻጩን ጂሜይል ክፈትልኝ ይለዋል። ልጁ በሁለት ደቂቃ ይከፍትለታል፤ የይለፍ ቃሉን ራሱ ይመርጣል፤ ገዢው አይጠይቅም፣ ቢነገረውም አይጽፈውም። ስልኩ እስካልጠፋ ድረስ ችግሩ አይታይም። ከጠፋ በኋላ ግን ፎቶዎቹ ጉግል ዘንድ በደንብ ተቀምጠው ሳለ ባለቤታቸው ሊደርስባቸው አይችልም። ጉግል ደግሞ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ማንም ያልገባባቸውን የግል አካውንቶች ማጥፋት ጀምሯል። ወደ ሪያድ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ለሥራ የሄዱ እህቶቻችን ችግሩ የበለጠ ይጠናባቸዋል። አካውንቱ በአዲስ አበባ ቁጥር ይከፈታል፤ ሲሙ በሥራ ላይ ሳይውል ቆይቶ ይዘጋል፤ ማረጋገጫ ኮዱ ወደዚያ ወደሞተው ቁጥር ይላካል። የፓስፖርቷና የሥራ ውሏ ፎቶ በጣም የሚያስፈልጋት ደግሞ በአሠሪዋ እጅ ያለውን ዋናውን ማግኘት በማትችልበት ሰዓት ነው።

የንግዱ ቤት ድካም ሌላ ነው። ብዙ ቢሮ ሂሳቡን የሚይዘው ፒችትሪ በተባለው ሶፍትዌር ነው። ሂሳብ ሠራተኛዋ ማታ ባክአፕ በፍላሽ ትወስዳለች፤ ፍላሹ የሚያድረው ከኮምፒውተሩ ሥር ባለው መሳቢያ ነው። እሳት፣ ሌባ ወይም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢመጣ ሁለቱን አንድ ላይ ያገኛቸዋል። ክላውድ ለዚህ ቢሮ በእውነት መፍትሔ ነው። ግን ወደ ክላውድ የሄዱት አንዳንዶቹ በተቃራኒው ዳር ወድቀዋል፤ አገር ውስጥ ምንም አላስቀሩም። በሰኔ 2020 መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። ትግራይ ውስጥ ከኅዳር 2020 ጀምሮ መቋረጡ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። ባሕሩም አስተማማኝ አይደለም፤ በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባሕር ሥር የሚያልፉ ኬብሎች ተበጥሰዋል። ስለዚህ በእኛ ሁኔታ ክላውድ ብቸኛ ቅጂ ሊሆን አይገባም፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሲሆን ነው ጥሩ የሚሆነው። የደንበኞች ዕዳ መዝገብና የሠራተኞች ደመወዝ ኢንተርኔት በሌለበት ሳምንትም መከፈት አለባቸው።

ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የሌላ ሰው መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የደንበኛን መታወቂያ በስልኩ ፎቶ አንስቶ የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚለጥፍ ሠራተኛ ይህ አዋጅ እሱንም እንደሚመለከት የሚያውቅ አይመስለኝም። ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ከማሠልጠናቸው በፊት ይህን ልማድ በአንድ የውስጥ ማስታወሻ ቢከለክሉት ብዙ ወጪ የለውም።

ለግለሰቡ አንባቢ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ዛሬ ማታ ጂሜይላችሁ ከየትኛው ስልክ ቁጥር ጋር እንደተያያዘ እዩ፤ ቁጥሩ ዛሬም በእጃችሁ ያለ መሆኑን አረጋግጡ። በቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አብጁ። ጉግል የሚሰጣችሁን መጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት አትማችሁ ከቤት ካርታው ጋር አስቀምጡ፤ አንድ ቅጂም ሌላ ከተማ ለምታምኑት ዘመድ ስጡ። ድርጅት ያላችሁ ደግሞ ሂሳብ ሠራተኛችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከባክአፑ አንድ ወር መርጣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ትክፈተው። ካልተከፈተ ባክአፕ የላችሁም።